የተቃጠለ ማር

የጠርሙሱ ቡሽ ተፈናጥሮ የድንኳኑን ሸራ ሲመታ ከሴቶቹ ግማሾቹ ራሳቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። ሰቆጣ በእነዚህ ዓመታት የሰማችውን ተኩስ ሰምታለችና ማንም በማንም አልሳቀም። ወንዳወቅ የሚገባበት ጠፋው። «ይቅርታ እናቶቼ፣ አከፋፈቱ እንዲህ ስለሆነ ነው፤ ጠርሙስ ነው፣ ጠርሙስ ብቻ ነው» እያለ በእጁ ላይ የፈሰሰውን አረፋ ጠረገና ጥቁሩን ቢራ ወደ ብርጭቆ ቀዳው።

«ለእርስዎ ነው፣ እትዬ ጥሩሐረግ» አለ በርከክ ብሎ፣ ብርጭቆውን በሁለት እጁ አቅርቦ። «የፅዮን አደራ ነው። ማንም ሳይቀምሰው እትዬ ትቅመሰው፣ ቀምሳ የምትለውን ስማልኝ አለችኝ። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል እንዳልተነፍስ አስምላኛለች።»

ለቅሶው ሁለተኛ ቀኑን ይዟል። ሟቿ የጥሩሐረግ ታናሽ እህት ፅዮን ናት፤ ቤልጅየም አገር ታምማ፣ እዚያው ሞታ፣ እዚያው ከተቀበረች ሁለት ሳምንት ሊሞላት ነው። ወንዳወቅ ከዚሁ ከደሃና ወረዳ የሄደ ሰው ሲሆን እዚያ አገር ከእሷ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ይሳለም ነበር። ልብሷንና ፎቶግራፏን ይዞ እስኪደርስ ሽማግሌዎቹ ወሬውን በሆዳቸው ይዘው ቆዩና ትናንት ጎሕ ሲቀድ መርዶውን አረዱ። ያን ጊዜ ጥሩሐረግ «እህ» አለች፤ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች፤ ፍራሹ ላይ ተቀመጠች። ያ ብቻ። ፊቷን አልነጨችም፣ ደረቷን አልመታችም፣ ዕንባም አልወጣትም። ስታለቅስ ሊይዟት የተዘጋጁት ጎረቤቶች እጃቸው ሥራ ፈትቶ ዋለ።

አሁን ብርጭቆውን ተቀበለች። ጥሩሐረግ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ሴት ናትና እንደማንኛችንም አንሥታ አልጨለጠችውም። መጀመሪያ ወደ ብርሃኑ አዞረችው፤ ጥቁር ይመስል የነበረው መጠጥ ጠርዙ ላይ ወደ ቀይ ዳማ አደላ። አረፋው የወተት ሻይ መልክ አለው፤ ወፍራም ነው፤ ቶሎ አይከስምም። ከዚያ አሸተተችው። የታመሰ ገብስ ሸተታት፤ ተምር ሸተታት፤ ከኋላ ደግሞ ቅርንፉድ የሚመስል ነገር መጣ። «ምን ጨምረውበት ይሆን?» አለች በልቧ። ሐዘን ላይ ብትሆንም ሙያ ሙያ ነው።

ከዚያ ቀመሰችው። ፊት ላይ ጣፋጭ ነው። ቀጥሎ ምላስ ሥር የሚቀር ምሬት አለው፤ ጌሾ ባይሆንም የጌሾ ዘመድ ነው። ሲውጡት ደረት ላይ ይሞቃል፤ ቢራ ነው ቢሏትም ጉልበቱ ለአረቄ የቀረበ ሆኖ አገኘችው። ጉሮሮዋን አልፎ ከወረደ በኋላ፣ አለቀ ስትል፣ ምላሷ ላይ አንድ ጣዕም ቀስ ብሎ ተነሣ። የተቃጠለ ማር።

ብርጭቆውን ከአፏ መንጭቃ ስታነሣው ቢራው በቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«ይሄ የኔ ነው» አለች።

የወንዳወቅ ፊት በራ። ትላለች የተባለውን ነው ያለችው፤ ስልኩን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። ጥሩሐረግ ግን ጊዜ አልሰጠችውም።

«ይሄ የኔ ጠላ ነው! የኔ እጅ ነው! ወስዳ ሸጠችኝ!» ብላ ተነሣች። «እዚህ አንዴ ሸጠችኝ፤ አልበቃት ብሎ ባሕር ማዶ ወስዳ ደገመችኝ! ጭራሽ በጠርሙስ አሽጋ ቅመሺ ብላ ትላክልኝ? ሞታም ልታሾፍብኝ?»

«እትዬ፣ እንደሱ አይደለም፤ አንዴ ብቻ ይስሙኝ...»

«ውጣልኝ!»

ለቅሶ ቤት እንግዳ ሲባረር ማን አይቶ ያውቃል? ከትውልድ አገሯ ከፃግብጂ የመጡት አሮጊቶች በአገሩ ቋንቋ በኽምጠኛ ተንሾካሾኩ። ወንዳወቅ ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳያጠልቅ ወጣ፤ ጥሩሐረግም ወደ ጓዳዋ ገብታ በሩን በላይዋ ላይ ዘጋች።

ነገሩ ሥር አለው። እናታቸው ስትሞት ፅዮን አራት ዓመቷ ነበር፤ ጥሩሐረግ ደግሞ ምትኩ የሚባል ግንበኛ አግብታ ከፃግብጂ ወደ ሰቆጣ ከመጣች ዓመት ያልሞላት ሙሽራ ነበረች። ከቀብር መልስ ልጅቷን ይዛት መጣች። እግዚአብሔር ለባልና ሚስቱ ልጅ አልሰጣቸውምና ፅዮን እህትም ልጅም ሆነች። «እትዬ» ብላ ትጥራት እንጂ ፀጉሯን የምትሠራላት፣ ስታተኩስ አጠገቧ ተቀምጣ የምታድርላት፣ ስትዋሽ ጭኗን የምትቆነጥጣት ጥሩሐረግ ነበረች።

ጠላውን የጀመሩት ምትኩ የግንብ ሥራ ባጣበት አንድ ክረምት ነው። መጀመሪያ እንደማንኛዋም ሴት ጠላ ነበር፤ ከአፍ የሚገባ፣ ግን ማንም የማያወራለት። አንድ ቀን ለድፍድፉ የምትሰባብረውን የገብስ ቂጣ ስትጋግር ከአባቷ ቀፎ የተላከላት ማር ላዩ ላይ ተደፋባት። ማሩ አረረ፤ ጠቆረ፤ ቤቱ በጢስ ተሞላ። ቂጣውን መጣል አሳዘናትና፣ የሚያያትም የለም ብላ፣ ሰባብራ ድፍድፉ ውስጥ ከተተችው። በሳምንቱ ያን ጠላ የጠጣ ሁሉ «ዛሬ ምን አግኝተሽ ነው?» እያለ ይጠይቃት ጀመር። ከአበርገሌ ፍየል እየነዱ የሚመጡ ነጋዴዎች ፍየላቸውን ሳይሸጡ «የጥሩሐረግ ጥቁሩ ደርሷል?» ማለት ለመዱ። ከዚያ ወዲህ ቂጣ ስትጋግር ጓዳው ይዘጋል። ነውሩ የሙያ ስሟ ሆነላት፤ ስሟን ደግሞ እንደ ዓይኗ ብሌን ጠበቀችው።

ለፅዮን ግን አሳየቻት። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላት፣ የቤተ ክርስቲያን በር አስይዛ ካስማለቻት በኋላ፣ ማሩ ስንት ማንኪያ እንደሚቀባ፣ ቂጣው ምን ያህል ሲጠቁር እንደሚወርድ አንድ በአንድ አስተማረቻት። «ጥቂት ካለፈ ከሰል ነው፤ ጥቂት ከጎደለ ማር ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አደራሽን» አለቻት። ፅዮን ጣቷን ልሳ ሳቀች። ከእህቷ ይልቅ የእሷ ምላስ ሹል ነበር፤ ጠላው ከመድረሱ ሁለት ቀን በፊት ቀምሳ «ይሄኛው ይበልጣል፣ ይሄኛው ያንሳል» ትል ነበር፤ አትስትም።

ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመት በሆናት ጊዜ ጎረቤታቸው አልጣሽ የልጇን ክርስትና ደገሰች። አልጣሽም ጠላ ትጠምቃለች፤ ቀጭን ናት እየተባለች ግን የምትታማ ነበረች፤ ጠላዋ ማለቴ ነው። ጥሩሐረግ ተጠርታ ሄደችና የቀረበላትን አንዴ ጎንጨት አደረገች። ከዋጠችው በኋላ፣ አለቀ ስትል፣ የተቃጠለ ማር መጣ።

እዚያው ላይ አልጣሽን «ከማን ተማርሽው?» ብትላት ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። ግን እንዴት ትጠይቅ? መጠየቅ ምስጢር አለኝ ማለት ነው፤ ምስጢር አለኝ ማለት ደግሞ ገመናዋን በድግስ መሐል መዘርገፍ ነው። ዋንጫውን ጨርሳ፣ «እሰይ፣ እጅሽ ይባረክ» ብላ፣ ፈገግ ብላ ወጣች። ቤቷ ስትደርስ ፈገግታው አልነበረም።

«ለአልጣሽ ነገርሻት» አለቻት ፅዮንን።

«ምኑን እትዬ?»

«ታውቂዋለሽ። ማሩን።»

«አልነገርኳትም።»

«ታዲያ ማን ነገራት? ይሄን የምናውቅ አንቺና እኔ ብቻ ነን።»

ምትኩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ጥሩሐረግ ግን እሱን አልቆጠረችውም፤ ባል የሚጠጣ እንጂ የሚያይ አይመስላትም ነበር።

«በማርያም ይዤሻለሁ፣ እመኚኝ። በእናቴ አፅም አልነገርኩም» አለች ፅዮን።

«የእናቴን አፅም ተይው። አንቺ እናትሽን አታውቂያትም።»

ይቺን ቃል ጥሩሐረግ በተናገረች ቅጽበት መልሳ ልትውጣት ፈልጋ ነበር። አልዋጠቻትም። ምትኩ «ተይ እንጂ፣ ልጅ ናት» አለ፤ ጋቢውን አስተካከለና ወጣ። ፅዮን ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓዳ አልገባችም። በስድስተኛው ወር እንደ ብዙዎቹ የአገሩ ልጆች ዓረብ አገር ሄደች፤ ከዚያም ዞራ ዞራ ቤልጅየም ገባች። ሰዉም «ሥራ ፍለጋ ነው» አለ፤ የተጣሉበትን ማንም አላወቀም፤ ምክንያቱም ጥሩሐረግ ጥሉን እንኳ ለመናገር ምስጢሩን መናገር ነበረባት።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ስልክ የሚደወለው በዓመት በዓል ነው። «ደህና ነሽ? ደህና ነኝ። እንኳን አደረሰሽ» ተባብለው፣ ጥሩሐረግ ስልኩን ለምትኩ ታቀብለዋለች። በጦርነቱ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ ወራት ካለፉ በኋላ መስመሩ የተመለሰ ዕለት መጀመሪያ የደወለችው ፅዮን ነበረች፤ እያለቀሰች። ጥሩሐረግም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ነው ያነጋገረቻት። ቢሆንም «አለን፣ ደህና ነን» አለችና ስልኩን ሰጠችው። አንዲት ነገር ብቻ ትጠብቅ ነበር፤ «አዎ፣ ነግሬያታለሁ፣ ይቅር በይኝ» እንድትላት። ያን ብትላት ይቅር ለማለት ስንት ዓመት ተዘጋጅታ ነበር። ፅዮን አላለችም፤ አሁን ደግሞ ሞተች።

ወንዳወቅን ባባረረችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ምትኩ የጓዳውን በር ቆረቆረ።

«ሰው እየመጣ ነው፤ ነይ ውጪ። አልጣሽም ዳቦና ንፍሮ ይዛ መጥታለች።»

«አልጣሽ!» አለች ጥሩሐረግ ከውስጥ። «እሷንማ አመስግንልኝ።»

ከፍቶ በበሩ ደፍ ላይ ተቀመጠ። ስልሳ የሞላው፣ ጣቶቹ በድንጋይ የደነደኑ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው።

«ምትኩ፣ ተዝካሯን አልጠምቅም» አለችው። «አርባዋ ሲደርስ ሌላ ሰው ይጥመቅላት። ወይ ቤልጅየሞቹ ይጥመቁላት፤ ሙያውን እንደሆነ አስተምራቸዋለች።»

«እንዴት እንዲህ ይባላል?»

«ምን ልበል ታዲያ? ቃሏን በላች። ያሳደግኳት እኔ፣ ያስተማርኳት እኔ፣ የከዳችኝ እሷ። ሕይወቴን በሙሉ አንድ ነገር ነበር የኔ የምለው። እሱን ነው የሰጠችብኝ። ሰው በጠላቱ ቢከዳ ምን አለበት፤ እኔን ግን ፀጉሯን የሠራሁላት ልጅ ናት የከዳችኝ።»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ጥሩ» አለ ምትኩ። «እሷ ላትሆን ትችላለች።»

«አሥራ ስድስት ዓመት እንደዚሁ ነው የምትለኝ። ለሷ ስትሟገት ኖርክ።»

ምትኩ ተነሥቶ ወጣ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ያን ቀን ግን ጥሩሐረግ የማንንም ሆድ ልታይ አልቻለችም፤ የራሷ ሆድ እየተቃጠለ ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሠልስቱ ተደርጎ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ፣ የነፍስ አባቷ አባ ብዙነህ ወንዳወቅን በእጁ ይዘውት ድንኳኑ ውስጥ ገቡ።

«ጥሩሐረግ» አሉ ሳይቀመጡ። «ይሄ ሰው የሟች አደራ አለበት። አደራ በል አድርገሽ ልትሰዲው ነው?»

«ይናገር፣ አባ» አለች ቀና ሳትል።

ወንዳወቅ ስልኩን አውጥቶ ከፍራሹ ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጠው። «ሆስፒታል እያለች የቀዳችው ነው፣ እትዬ። ቀምሰው ‹የኔ ነው› ካሉ በኋላ ላሰማዎት ነበር። እርስዎ ግን አባረሩኝ» አለ፤ ቅሬታውን ሳይደብቅ። ከዚያ ስልኩን ነካው። መጀመሪያ ሳል ተሰማ። ቀጥሎ የፅዮን ድምፅ መጣ፤ ቀጭን፣ የደከመ፣ የፃግብጂ ቅላጼው ግን ያልለቀቀው።

«እትዬ። ቀመስሽው አይደል? ‹የኔ ነው› ብለሻል፤ አውቅሻለሁ። እኔም እንደዚያው ነው ያልኩት። አረጋውያን በምንከባከብበት ቤት አብራኝ የምትሠራ ፈረንጅ ለልደቷ ጋበዘችኝ። አንዴ ጎንጨት አልኩ። ፊት ላይ ዘቢብ የሚመስል ጣፋጭ አለ። ከዚያ ያረረ የዳቦ ቅርፊት። ከዚያ ምሬቱ ምላሴ ሥር ገባ፤ ደረቴ ሞቀ። ከዋጥኩት በኋላ ነው ማሩ የመጣው፤ የኛ ማር፣ ቂጣው ላይ ያረረው። ብርጭቆውን አስቀምጬ ውጪ ወጣሁ፤ እትዬ እዚህ ድረስ ተከትላኝ መጣች ብዬ መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ።»

አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ድምፁ ቀጠለ።

«ከዚያ የሚጠመቅበት ድረስ ሄድኩ። ገዳም ነው። መነኮሳት ናቸው የሚጠምቁት። ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅኩ፤ የአያታችን አያት ሳትወለድ ነው አሉኝ። ማርም የለበትም። ስኳር ነው እስኪጠቁር አቃጥለው የሚጨምሩት። አሁን ንገሪኝ እትዬ፤ ለነሱ ማን ነገራቸው? እነሱንም እኔ አስተማርኳቸው? እሳትና ጣፋጭ ነገር የትም ቢገናኙ ያው ነው። አንቺስ ማን አስተማረሽ? ማሩ ነው የተደፋብሽ። እትዬ አልጣሽም ተደፍቶባት ይሆናል፤ እኔ አላውቅም። እኔ የማውቀው አለመናገሬን ነው። በማርያም ይዤሽ፣ በእናቴ አፅም ምዬልሽ አላመንሽኝም። እንግዲህ እኔን ባታምኚ ምላስሽን እመኚ።»

እንደገና ሳለች። «ጋሽ ምትኩን አመስግኚልኝ። ስልኩን በሰጠሽው ቁጥር ‹አንቺ እንዳልሆንሽ አውቃለሁ› ይለኝ ነበር። በዚህ ሁሉ ዓመት የሚያውቅልኝ እሱ ብቻ ነበር። በይ፣ ደከመኝ።»

ስልኩ ዝም አለ። ጥሩሐረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ ባሏን ፈለገችው፤ ወንዶቹ መሐል፣ በድንኳኑ ምሰሶ ሥር ተቀምጧል።

«አውቃለሁ ነው ያልካት?» አለችው። «አምንሻለሁ አይደለም፤ አውቃለሁ። እንዴት አወቅህ፣ ምትኩ?»

ምትኩ ጋቢውን አስተካከለ። የመለሰችው ከሴቶቹ መሐል የንፍሮ ሰፌድ ይዛ የቆመችው አልጣሽ ናት።

«ስለ ማሩ ቂጣ ነው የምታወሩት?» አለች ግራ ገብቷት። «እሱን እኮ ምትኩ ነው የነገረኝ። የጓሮዬን ግንብ ሲሠራልኝ ጊዜ ጠላ አቀረብኩለትና ‹ይሄማ ውኃ ነው፤ እንደኛይቱ ቂጣውን ማር ቀብተሽ ብታሳርሪው› ብሎ ሳቀብኝ። ሞከርኩት፣ ደስ አለኝ። ምስጢር ነው ማን አለኝ? እናንተ የተጣላችሁት በዚህ ነው እንዴ? በሞተው አባቴ፣ እኔ ልጅቷ ሥራ ፍለጋ የሄደች ነው የመሰለኝ! ብትጠይቂኝ ያኔውኑ አልነግርሽም ነበር?»

«ታውቅ ነበር» አለች ጥሩሐረግ፤ ዓይኗን ከባሏ ላይ አላነሣችም። «በሩ ላይ ቆመህ ነበር። በእናቷ አፅም ስትምል ቆመህ ሰማህ።»

«ልነግርሽ ስል...» አለ ምትኩ። «ልነግርሽ ስል እየፈራሁ ነው፣ ጥሩ። ጥለሽኝ የምትሄጂ መሰለኝ። ለሷ ግን ትራሪላታለሽ፣ ልጅሽ ናት፣ ነገ ተነገ ወዲያ ይበርድልሻል አልኩ። ሳይበርድልሽ ሄደች። ከሄደች በኋላ ደግሞ ምን ብዬ ልጀምረው? ዓመት በመጣ ቁጥር ከበደኝ።»

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይሉ የለ? ይሄኛው ግን የገዛ እከኩን ሃያ ሁለት ዓመት ባልዘለለች ልጅ ላይ ለክኮ፣ ከዚያ በየበዓሉ በስልክ ሲያጽናናት ኖረ። ማጽናናቱ ነበር ጥሩሐረግን ከሁሉ ይልቅ ያቆሰላት። ከእሷ እጅ ስልኩን ተቀብሎ፣ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ እያየች፣ የሠራውን ያውቅ ነበር። አሥራ ስድስት ዓመት ከዳችኝ ስትል የኖረችው ያልከዳቻትን ሰው ነው፤ የከዳት አንድ አልጋ ላይ አብሯት ያድር ነበር። እሷም ብትሆን አንዲት ጥያቄ ከመጠየቅ ልጇን መጣል ቀሏት ነበር።

«ተነሥተህ ከዓይኔ ራቅ» ብቻ አለችው። ምትኩ ወጣ፤ ያን ቀን ከእድሩ ሰዎች ጋር ውጪ ዋለ።

በማግስቱ አልጣሽን ጠርታ «ተዝካሩን አብረን እንጠምቃለን፤ ማሩን አንቺ ትቀቢያለሽ» አለቻት። አልጣሽ ዕንባዋ መጣ። ጥሩሐረግ ግን ብቅሉን መለካት ላይ ነበረች፤ ቀና አላለችም። ለባሏ ቃል አልተነፈሰችም። ምግብ ሲቀርብለት አልከለከለችም፣ አላቀረበችለትምም።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት አባ ብዙነህ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ከኋላቸው ምትኩ ነበር። በተራቆተ አንገቱ ላይ፣ ከጫንቃው እስከ ጫንቃው የሚደርስ ድንጋይ ተሸክሟል። ግንበኛ አይደል፤ ቀላሉን አልመረጠም። ድንኳኑ መግቢያ ላይ ሲደርስ ተንበረከከ፤ ግንባሩ ወደ መሬት ሊደርስ ተቃረበ።

«በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ መጥቷል» አሉ አባ ብዙነህ። «ጥፋቱን አምኗል። እንደ አገራችን ወግ አንቺ ‹አውርድ› ካላልሽው አያወርደውም። ስለ እመቤታችን ብለሽ፣ ስለ ሟቿም ነፍስ ብለሽ፣ አውርድ በይው።»

ሴቶቹ «በይው፣ በይው እንጂ» አሉ ከየአቅጣጫው። ጥሩሐረግ ከፍራሹ ተነሣች፤ ቀስ ብላ ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ማንን ነው የበደልከው?» አለችው።

«አንቺን፣ ጥሩ።»

«እኔንማ በድለኸኛል። እሱ አይጠፋኝም፤ ዕድሜ ከሰጠን እንተያያለን። ይሄ ድንጋይ ግን የኔ አይደለም፤ የፅዮን ነው። እሷን የበደልነው ሁለት ነን። አንተ ዋሸህባት፤ እኔ አላመንኳትም።»

አጎንብሳ ድንጋዩን በሁለት እጇ ያዘችና ከጫንቃው ላይ አነሣችው። «ተመስገን» አሉ አንዲት አሮጊት፤ አባ ብዙነህም ሊያሳርጉ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ጥሩሐረግ ግን ድንጋዩን መሬት አላስቀመጠችውም። ከፍ አድርጋ በገዛ አንገቷ ላይ ጫነችው። ምትኩ አንገቱ ባዶ ሆኖ እንደ ተንበረከከ ቀረ።

ታላቅ ለታናሽ ድንጋይ ሲሸከም በዚያ አገር አይታይም፤ እናት ለልጅማ ጭራሽ አይታሰብም። እሷ በሰዎቹ መሐል አልፋ፣ ነጭ ጨርቅ በለበሰ ወንበር ላይ ወደ ቆመው የፅዮን ፎቶግራፍ ሄደች። ጉልበቷ ያማታል፤ አንዱን አስቀድማ፣ ሌላውን አስከትላ፣ ተንበረከከች።

«ፅዮንዬ» አለች። «አምኜሻለሁ።»

አልጣሽ ሮጣ መጥታ ድንጋዩን ያዘች። «አውርጂው ጥሩዬ፤ በቃ፣ ከበደሽ።»

«ልቀቂው» አለቻት ጥሩሐረግ። «አውርጂ የምትይኝ አንቺ አይደለሽም።»

አልጣሽ ለቀቀችው። አባ ብዙነህ መስቀላቸውን እንደያዙ ቆሙ። ጥሩሐረግ አንገቷን አቀርቅራ፣ ድንጋዩን በሁለት እጇ ደግፋ፣ አውርጂ እስክትባል ጠበቀች።